ስለ ኮማ አገባብ፤ በካምፓላ ከተጻፈ አንድ ደብዳቤ የተገኘ ትምህርት

ሰው በባዕድ ቋንቋ ሲጽፍ አብዝቶ የሚጠነቀቀው ለቃሉ ነው። የቃሉን ትርጓሜ ከመዝገበ ቃላት ያረጋግጣል፤ አጻጻፉም እንዳይሳሳት ሁለትና ሦስት ጊዜ ይመለከታል። በቃልና በቃል መካከል ስለምትወድቀው ትንሽ ጭረት ግን እምብዛም አይጨነቅም። እኛም ለብዙ ዓመታት እንዲሁ ነበርን። እንግሊዝኛን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ከልጅነታችን ጀምሮ የተማርን፣ በመንግሥትም ሥራ ዘወትር የምንጽፍበት ስለ ሆንን፣ ኮማ የምትባለው ምልክት አንድ ቀን ታሳፍረናለች ብለን ከቶ አልጠረጠርንም። ያሳፈረችንም ያስተማረችንም በኡጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ ነው።

ኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ1962 ነፃነቷን ካገኘች ወዲህ እንግሊዝኛን የመንግሥት ሥራ ቋንቋ አድርጋ ይዛዋለች። በኮረብቶች ላይ በተሠራችው በካምፓላ ገበያ ሉጋንዳ ይሰማል፤ ለመሥሪያ ቤት የሚቀርበው ማመልከቻ ግን በእንግሊዝኛ ይጻፋል። ስለዚህ ከሀገሩ ወጥቶ እዚያ የሚኖር ወገናችን ሁሉ ጕዳዩ የሚፈጸምለት በእንግሊዝኛ ወረቀት ነው። ጽሕፈት የማያውቅ እንደ ሆነም የሚያውቅ ፈልጎ ያጽፋል።

ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ምግብ ቤት ከፍተው በሚሠሩበት በካባላጋላ ሰፈር፣ እንጀራ በመጋገር የሚተዳደሩ አንዲት እናት እናውቃለን። እንደ እኛው ትግርኛ ተናጋሪ ስለ ሆኑ «አደይ» እንላቸዋለን፤ እርሳቸውም «ወደይ» ይሉናል። ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው ከእርሳቸው ጋር ተቀምጠው ይማራሉ። አንድ ቀን ለተማሪዎች የትምህርት ቤት ክፍያ ርዳታ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት መኖሩን ሰምተው፣ «ወደይ፣ አንተ የተማርህ ነህ፤ እኔ የምነግርህን በእነርሱ ቋንቋ አድርገህ ጻፍልኝ» አሉን።

እኛም ደስ እያለን ጻፍን። ከዐረፍተ ነገሮቹ አንዱ «ማይ ሰንስ ሁ አር ኢን ካምፓላ አር አት ስኩል» የሚል ነበር። «በካምፓላ ያሉት ወንዶች ልጆቼ በትምህርት ላይ ናቸው» ማለታችን ነው። አንባቢ እንደሚያየው በውስጡ አንድም ኮማ አላኖርንበትም። (በዚህ ጽሑፍ የእንግሊዝኛውን ኮማ በእኛ ነጠላ ሰረዝ እየተካን እናሳያለን።)

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መልስ መጣ። መልሱ እሺታም እንቢታም አልነበረም፤ ጥያቄ ነበረ። በካምፓላ ያልሆኑት ሌሎች ወንዶች ልጆችዎ የት ይኖራሉ? የእነርሱንስ ወጪ የሚችለው ማን ነው? ይህ ተገልጾ እስኪቀርብ ድረስ ማመልከቻው አይታይም፤ የሚል ነው።

ይህን እየተረጐምን ባነበብንላቸው ጊዜ አደይ እጃቸውን ከሊጡ አውጥተው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። እኛ ያላወቅነው ነገር ነበረ። የወለዷቸው ወንዶች ልጆች ሦስት ኖረዋል፤ የበኵር ልጃቸው ከሀገር ሲወጡ በመንገድ ላይ ዐርፎ እዚያው ቀብረውታል። «ስለ እርሱ ማን ነገራቸው?» ብለው ጠየቁን። ማንም አልነገራቸውም ነበር። ጥያቄውን ያመጣው የሁለት ኮማዎች መጕደል ነው።

መጀመሪያ የመሥሪያ ቤቱን ጸሐፊ ለመውቀስ ቃጥቶን ነበር። ነገሩን ስንመረምረው ግን፣ ጸሐፊው ያነበበው የጻፍነውን ነው፤ ያሰብነውን ሊያነብ አይችልም።

በእንግሊዝኛ ስምን ተከትሎ የሚመጣ ገላጭ ሐረግ ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው ከብዙዎች መካከል የትኞቹ እንደ ሆኑ ለይቶ የሚያስታውቅ ነው፤ ይህ ያለ ኮማ ይጻፋል። ሁለተኛው ማንነታቸው አስቀድሞ ስለ ታወቀ ሰዎች ወይም ነገሮች ተጨማሪ ወሬ የሚነግር ነው፤ ይህ በፊቱም በኋላውም በኮማ ይታጠራል። እንግዲህ ያለ ኮማ የጻፍነው ሐረግ «ከልጆቼ መካከል በካምፓላ ያሉት» የሚል ትርጓሜ ሰጠ፤ ሌሎችም ሌላ ቦታ አሉ ማለት ሆነ። «ማይ ሰንስ፣ ሁ አር ኢን ካምፓላ፣ አር አት ስኩል» ብለን ብንጽፍ ኖሮ «ልጆቼ ሁሉ በትምህርት ላይ ናቸው፤ የሚኖሩትም በካምፓላ ነው» ማለት ይሆን ነበር።

ይህ ስሕተት የእኛን ሀገር ሰው በቶሎ የሚይዝበት ምክንያት አለ። በአማርኛም በትግርኛም ገላጩ ሐረግ ከስሙ ይቀድማል። «በካምፓላ ያሉት ልጆቼ» ብንል፣ «ኣብ ካምፓላ ዘለዉ ደቀይ» ብንልም፣ ሌሎች ልጆች መኖር አለመኖራቸውን የሚያስታውቅ ምልክት የለበትም። ሰሚው ከነገሩ አያያዝ ይረዳዋል፤ ካልተረዳውም ይጠይቃል። እንግሊዝኛ ግን ይህን ልዩነት ለኮማ ዐደራ ሰጥቷታል።

ሁለተኛው ምክንያት በልጅነታችን የተማርነው ደንብ ነው። መምህራችን «ትንፋሽ በምትስቡበት ቦታ ኮማ አኑሩ» እያሉ ያስተምሩን ነበር። የአደይ ዐረፍተ ነገር አጭር ስለ ነበረ ትንፋሽ አላስፈለገንም፤ ትንፋሽ ስላላስፈለገንም ኮማ አላኖርንም። ይህ ደንብ መሠረት የለውም አንልም። ኮማ የሚለው ቃል ግሪክኛ ሲሆን የተቈረጠ ቍራጭ ማለት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በእስክንድርያ ቤተ መጻሕፍት የነበረው አሪስቶፋኔስ የተባለው ሊቅ፣ ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ሰው የት እንደሚያርፍ የሚያመለክቱ ነጥቦችን ሠርቶ ነበር። በእኛም ሀገር የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ተነሹንና ወዳቂውን፣ ሰያፉንና ተጣዩን የሚለየው ከየኔታ አፍ እየሰማ ነው። ይሁን እንጂ ዛሬ ማመልከቻ የሚነበበው በዐይን ነው፤ ጸሐፊው ትንፋሻችንን አይሰማም። አሁን በምናውቀው ቅርጿ ኮማን በማተሚያ ያስፋፋት በ15ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ በቬኒስ ይሠራ የነበረው አልዱስ ማኑቲዩስ ነው። ከዚያ ወዲህ ምልክቷ ከአንባቢ ድምፅ ይልቅ የዐረፍተ ነገር ሠሪ ሆናለች፤ የትኛው ቃል ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ ታሳያለች።

ስለዚህ በረጅም የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ኮማ የምትገባበትንና የማትገባበትን ቦታ፣ ከእኛ ቋንቋ ልማድ ጋር እያነጻጸርን በአጭሩ እንገልጻለን።

አንደኛ፤ ከላይ እንዳልነው፣ የሚለየው ሐረግ ያለ ኮማ፣ ተጨማሪ የሚነግረው ግን በሁለት ኮማ መካከል ይጻፋል። ለማስታወስ የሚረዳው እናት የሚለው ቃል ነው። «ማይ ማዘር፣ ሁ ሊቭስ ኢን መቐለ፣ ኢዝ ኢል» ይባላል፤ «በመቐለ የምትኖረው እናቴ ታማለች» ማለት ነው። እናት አንዲት ስለ ሆነች ከሌሎች እናቶች መለየት አያስፈልጋትም። ኮማዎቹ ቢቀሩ ግን ብዙ እናቶች ያሉን ያስመስላል።

ሁለተኛ፤ የዐረፍተ ነገሩን ባለቤት ከማሰሪያ አንቀጹ አንዲት ብቸኛ ኮማ አትለያቸውም። በአማርኛ ባለቤቱ ከፊት፣ ማሰሪያው ከመጨረሻ ስለ ሆነ፣ ባለቤቱ ሲረዝም ከኋላው ነጠላ ሰረዝ ማኖር ለምደናል። «ዘ ሌተር ዊች ዊ ሴንት ላስት ማንዝ ዋዝ ሎስት» በሚለው ዐረፍተ ነገር፣ ማለትም «ባለፈው ወር የላክነው ደብዳቤ ጠፋ» ስንል፣ «ዋዝ» ከሚለው ቃል በፊት እጃችን ኮማ ሊያኖር ይቃጣል፤ ሆኖም አይገባም። በባለቤቱና በማሰሪያው መካከል ተጨማሪ ነገር ቢገባ ሁለት ኮማ ይደረግለታል፤ ካልገባ ምንም አይደረግም። ሁለት ወይም ምንም፤ አንዲት ብቻ ግን አትሆንም።

ሦስተኛ፤ ሁለት ሙሉ ዐረፍተ ነገሮችን ኮማ ብቻዋን አታስርም። እኛ «ገዝቶ፣ ጭኖ፣ ወስዶ ሸጠ» እያልን ብዙ ሥራ በአንድ ማሰሪያ አንቀጽ እናስራለን፤ ገዝቶ፣ ጭኖ፣ ወስዶ የሚሉት ራሳቸውን የቻሉ ማሰሪያዎች አይደሉምና ነጠላ ሰረዝ ይበቃቸዋል። ወደ እንግሊዝኛ ስንመልሳቸው ግን ብዙ ጊዜ እያንዳንዳቸው ባለቤትና ማሰሪያ ይዘው ይቆማሉ። «ዘ ሬን ስቶፕድ፣ ዊ ዌንት ሆም» ብሎ መጻፍ ስሕተት ነው። «ዝናቡ አቆመ» አንድ፣ «ወደ ቤት ሄድን» ሌላ ዐረፍተ ነገር ነውና፣ ወይ ከኮማው ቀጥሎ «ኤንድ» የሚለው አያያዥ ይገባል፤ ወይ ኮማው በድርብ ሰረዝ ይለወጣል፤ ወይ በነጥብ ተዘግቶ ሌላ ዐረፍተ ነገር ይጀመራል።

አራተኛ፤ «ዌን»፣ «ኢፍ»፣ «ኦልዞው» በሚሉት ቃላት የሚጀምረው ጥገኛ ሐረግ ከዋናው ዐረፍተ ነገር ቢቀድም፣ ከመጨረሻው ላይ ኮማ ይደረጋል፤ ዋናውን ተከትሎ ቢመጣ ግን ብዙውን ጊዜ አያስፈልግም። በዚህ የእኛም ልማድ ይስማማል፤ «ዝናቡ ባቆመ ጊዜ፣ ወደ ቤታችን ሄድን» እንላለንና።

አምስተኛ፤ በተራ የሚዘረዘሩ ነገሮች በኮማ ይለያያሉ። ከመጨረሻው «ኤንድ» ወይም «ኦር» በፊት ኮማ ማኖር አለማኖር ግን እንደ ልማዱ ነው። ብዙ አሜሪካውያን ያኖራሉ፤ ብዙ እንግሊዞች ይተዋሉ። ሁለቱም ያስኬዳል፤ ሆኖም ትርጓሜው የሚደናገር ከሆነ ማኖሩ ይሻላል። በአሜሪካ በሜይን ግዛት የነበረው የሠራተኛ ሕግ፣ ምግብን በቆርቆሮ ማሸግን፣ ማድረቅን፣ ማከማቸትንና ይህን የመሳሰለውን ሥራ ዘርዝሮ፣ በዚህ ሥራ ላይ ያሉት የትርፍ ሰዓት ልዩ ክፍያ አያገኙም ይል ነበር። የዝርዝሩ መጨረሻ «ለመላክ ወይም ለማደል ማሸግ» ይሁን፣ ወይስ «ለመላክ ማሸግ» አንድ ሥራ፣ «ማደል» ሌላ ሥራ ይሁን አልለየም፤ «ኦር» ከሚለው ቃል በፊት ኮማ አልነበረምና። ወተት የሚያድሉ የኦክኸርስት ኩባንያ ሾፌሮች «እኛ እናድላለን እንጂ አናሽግም» ብለው ከሰሱ። እ.ኤ.አ. በ2017 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ሕጉ አሻሚ መሆኑን ገልጾ ለሾፌሮቹ ፈረደ፤ በሚከተለውም ዓመት ክርክሩ በ5 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ።

ምናልባት አንባቢያችን «ይህ ሁሉ ደንብ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ተሰብስቦ የታየበት አለን?» ይል ይሆናል። አለ፤ የጸደቀውም በዚችው በካምፓላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሰኔ መጀመሪያ፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር በሚገኘው በሙንዮንዮ፣ የዓለም አቀፉን የወንጀል ፍርድ ቤት ሕግ የሚመረምር ጉባኤ ተደርጎ ነበር። ጉባኤው የወረራ ወንጀል ምን እንደ ሆነ የሚተረጕም አንቀጽ አጸደቀ። ስለ ወረራ ለኢትዮጵያዊ መንገር አያስፈልግም፤ እ.ኤ.አ. በ1935 የደረሰብንን የማያውቅ የለም።

ያ አንቀጽ በእንግሊዝኛ 60 ያህል ቃላት ያሉት አንድ ዐረፍተ ነገር ሲሆን፣ ስምንት ኮማዎች አሉት። የመጀመሪያው «ለዚህ ሕግ ዓላማ» ከሚለው መግቢያ ቀጥሎ ይወድቃል። ሁለተኛውና ሦስተኛው የወንጀሉን ሥራዎች ይዘረዝራሉ፤ እነርሱም ማቀድ፣ ማዘጋጀት፣ መጀመር ወይም መፈጸም ናቸው። አራተኛውና አምስተኛው ወንጀለኛው ማን እንደ ሆነ የሚናገረውን ሐረግ ግራና ቀኝ ያጥሩታል፤ ይኸውም የአንድን መንግሥት የፖለቲካ ወይም የጦር ሥራ በእርግጥ ለመቆጣጠር ወይም ለመምራት የሚያስችል ሥልጣን ያለው ሰው ማለት ነው። ስድስተኛውና ስምንተኛው «በጠባዩ፣ በክብደቱና በስፋቱ» የሚለውን ያጥራሉ፤ ሰባተኛው በዚያው አጥር ውስጥ ጠባዩን ከክብደቱ ይለያል።

አንባቢ በአራተኛውና በአምስተኛው ኮማ መካከል ያለውን በጣቱ ሸፍኖ ቢያነብ፣ «ማቀድ፣ ማዘጋጀት፣ መጀመር ወይም መፈጸም» የሚለው «የወረራን ድርጊት» ከሚለው ጋር ሳይሰበር ይገናኛል። ኮማዎቹ በትክክል መኖራቸው የሚታወቀው በዚህ ነው። በኮማ የታጠረ ነገር ግን ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ያ የተሸፈነው ሐረግ ባይኖር፣ ታዝዞ የዘመተው ተራ ወታደርና ያዘመተው መሪ በአንድ ወንጀል ይጠየቁ ነበር።

በሕግ ላይ ያለ ኮማ ምን ያህል ኀይል እንዳለው ከዚህ በፊትም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1945 የናዚ መሪዎች በኑረምበርግ የሚዳኙበት ሕግ በተፈረመ ጊዜ፣ በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀልን የሚተረጕመው አንቀጽ በእንግሊዝኛውና በፈረንሳይኛው ጽሑፍ በድርብ ሰረዝ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። በፊተኛው ክፍል መግደል፣ መፍጀትና ባርያ ማድረግ ይገኛሉ፤ በኋለኛው ክፍል በፖለቲካ፣ በዘርና በሃይማኖት ምክንያት ማሳደድ ይገኛል። ወንጀሉ ፍርድ ቤቱ ከሚያያቸው ሌሎች ወንጀሎች ጋር የተያያዘ መሆን አለበት የሚለው ሁኔታ የተጻፈው ከዚያ በኋላ ነው። በመስኮብኛው ጽሑፍ ግን በድርብ ሰረዙ ቦታ የነበረው ኮማ ነው። ስለዚህ አራቱ መንግሥታት ጥቅምት ወር በገባ በስድስተኛው ቀን በበርሊን ሌላ ሰነድ ፈርመው፣ ድርብ ሰረዙ በኮማ እንዲለወጥ አደረጉ። ለዚህች ለአንዲት ምልክት ብቻ የተለየ ስምምነት ተጻፈ። ኮማው በገባ ጊዜ ሁኔታው ሁለቱንም ክፍሎች የሚያስር ሆነ፤ ፍርድ ቤቱም ከጦርነቱ በፊት በጀርመን ውስጥ ስለ ተፈጸመው ግፍ፣ ከጦርነቱ ጋር መያያዙ አልተረጋገጠም ብሎ በዚህ ወንጀል ስም በጥቅሉ ሳይፈርድበት ቀረ።

የእኛ ደብዳቤ ከእነዚህ ጋር አይመዛዘንም። ሆኖም ለአደይ ከእነዚህ ሁሉ የሚበልጥባቸው እርሱ ነበር። ስለዚህ ልጆቻቸውን እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ ወላጆችም ሆኑ ለሌላ ሰው ማመልከቻ የሚጽፉ ወጣቶች ይህን ቢያዘወትሩ እንመክራለን። ረጅም ዐረፍተ ነገር ከጻፉ በኋላ አስቀድመው ባለቤቱን ይፈልጉ፤ ቀጥሎ ማሰሪያ አንቀጹን ይፈልጉ፤ በመካከላቸው ብቸኛ ኮማ ካለ ያውጡት። ሁለት ኮማ ካለ መካከሉን በጣት ሸፍነው ያንብቡ። «ሁ» ወይም «ዊች» የሚል ሐረግ ባገኙ ቍጥር፣ «ይህ ሐረግ የሚለይ ነው ወይስ የሚጨምር?» ብለው ይጠይቁ። በመጨረሻም ኮማዎቹ በዝተው የሚያደናግሩ ከሆነ፣ ዐረፍተ ነገሩን ለሁለትና ለሦስት ይክፈሉት። አጭር ዐረፍተ ነገር መጻፍ አላዋቂነት አይደለም።

እኛም ሁለተኛውን ደብዳቤ ለመጻፍ ወደ አደይ በተመለስን ጊዜ ሁለቱን ኮማዎች ብቻ ጨምረን ለማለፍ ዐስበን ነበር። እርሳቸው ግን «አይሆንም ወደይ፤ ሦስቱንም ጻፋቸው» አሉን። እንዳሉትም ጻፍን። ሦስት ወንዶች ልጆች ወለድሁ አለ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር። የበኵር ልጄ በመንገድ ላይ ዐረፈ አለ ሁለተኛው። በሁለቱም ውስጥ ኮማ አላስፈለገም። ሦስተኛው «ዘ አዘር ቱ፣ ሁ ሊቭ ዊዝ ሚ ኢን ካምፓላ፣ አር አት ስኩል» የሚል ሆነ፤ «ከእኔ ጋር በካምፓላ የሚኖሩት የቀሩት ሁለቱ በትምህርት ላይ ናቸው» ማለት ነው።

አደይ ወረቀቱን ተቀብለው ምልክቶቹን እንድናሳያቸው ጠየቁን። ጣታቸውን በፊተኛው ኮማ ላይ፣ ቀጥሎም በኋለኛው ላይ አሳረፍን። «እነዚህ ናቸው?» አሉ። «አዎን አደይ፣ እነዚህ ናቸው» አልናቸው። ማመልከቻውም ሌላ ጥያቄ ሳይነሣበት ታየ።